የሞተሬ ኢንሹራንስ አልፎበታል ወይስ ይሠራል?

ጥያቄ፦ «በመንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ባለፈው መስከረም ከሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ሊብሬው እስካሁን በእሱ ስም ነው፤ ውክልና ሰጥቶኛል። ሰኔ 5 ቀን 2018 ጣርማ በር ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ‹ኢንሹራንስህ አልፎበታል› አለኝ። ወረቀቱ ግን እስከ 09 ጁን 2026 ነው የሚለው። ጁን ሰኔ ነው፤ ገና 4 ቀን ይቀረው ነበር። ቦሎውም አለ። ለሻጩ ብደውልለት ‹በወኪል በኩል አሳድሼዋለሁ፣ አትስጋ፤ ቢያልፍም 15 ቀን እፎይታ አለው› ይለኛል። ማንን ልመን? ኢንሹራንሱ እንደሚሠራ ራሴ የማረጋግጥበት መንገድስ አለ?»

ምላሽ፦ ፖሊሱ ልክ ነው። እርስዎም ሻጭዎም ተሳስታችኋል፤ የተሳሳታችሁት ግን በተለያየ ነገር ስለሆነ ለየብቻ እመለስበታለሁ።

በወረቀትዎ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። «ጁን ሰኔ ነው» የሚለው አነጋገር ሁላችንም አፍ ላይ አለ፤ ለተራ ቀጠሮ ብዙም አይጎዳም፣ ለኢንሹራንስ ግን ጠንቀኛ ነው። ዘንድሮ ሰኔ 1 የዋለው ጁን 8 ነው። ስለዚህ ጁን 9 ማለት ሰኔ 2 ማለት ነው። ጣርማ በር ላይ በቆሙበት ዕለት በፈረንጆቹ ጁን 12 ነበር፤ ሽፋኑ ካበቃ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል።

ይህን ስህተት በሥራዬ ደጋግሜ ስላየሁት ትንሽ ልቆይበት። ሰው ወሩን ይተረጉምና ቀኑን እንዳለ ያስቀረዋል። ኦክቶበር 15 ቀን 2025 የሚል ወረቀት ጥቅምት 15 ሳይሆን ጥቅምት 5 ቀን 2018 ነው፤ 10 ቀን ይለያል። ማርች 12 ቀን 2026 መጋቢት 3 ነው፤ 9 ቀን። ጁን ላይ 7 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ማግስት ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ ልዩነቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ክፋቱ፣ ይህ ስህተት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን መሆኑ ነው፤ ያለቀውን ኢንሹራንስ ያላለቀ ያስመስለዋል እንጂ አንድ ጊዜም ወደ ጥንቃቄው በኩል አያደላም። ወሩ በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ይብሳል። 06 የሚለውን አይተው «በእኛ ስድስተኛው ወር የካቲት ነው» ብለው የያዙ ደንበኞች ገጥመውኛል።

ከዓመታት በፊት በዚሁ ዞን በቆላው በኩል አንድ ወጣት ከገበያ ሲመለስ አንዲት እናት ገጨ። ወረቀቱ እስከ ማርች 12 ይላል፤ እሱ መጋቢት 12 ብሎ ነበር የያዘው። አደጋው የደረሰው መጋቢት 8 ነው። ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ «አራት ቀን ይቀረዋል» ነበር ያለኝ። ሽማግሌ ገባ፣ ሞተሩ ተሸጠ፣ የአባቱ በሬዎች ተሸጡ። አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ መክፈል አቅቶት አልነበረም፤ ገንዘቡን አዘጋጅቶ ቀኑን እየጠበቀ ነበር። ያ ልጅ ከፊቴ ስለማይጠፋ ነው ለእርስዎ እንዲህ አጥብቄ የምጽፈው።

ሰዓቱም ልብ ይባል። የማብቂያው ቀን ሽፋን እኩለ ሌሊት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ያከትማል እንጂ እስከ ንጋት አይቆይም። አዲሱ ውል ደግሞ የሚጀምረው ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ ሰነድ) ላይ ከተጻፈው ቀንና ሰዓት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የታደሰ ኢንሹራንስ 3 ሰዓት ላይ የደረሰን አደጋ አይሸፍንም።

ቦሎ ሌላ ጉዳይ ነው። ቦሎ ተሽከርካሪው ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ የዓመቱን ግዴታ ማሟላቱን ያሳያል። ሲወጣ ኢንሹራንስ ይጠየቃልና ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይይዛቸዋል። ቦሎው የሚመሰክረው ግን በወጣበት ዕለት ኢንሹራንስ እንደነበረ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ቦሎው ሲወጣ ኢንሹራንሱ ስድስት ወር ቀርቶት ከነበረ፣ ሰኔ ላይ ቦሎው ደህና ሆኖ ኢንሹራንሱ ያልቃል። ሁለቱ በአንድ ቀን የሚያልቁት ባለቤቱ አስቦ ካገጣጠማቸው ነው።

የ15 ቀኑን እፎይታ ይርሱት። የተሽከርካሪ ኢንሹራንስ ለተወሰነ ጊዜ የሚገባ ውል ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ውሉ ያልቃል፤ አረቦን ተከፍሎ አዲስ ውል ካልተገባ በመካከል ያለው ባዶ ነው። ይህ ወሬ የሚሰነብተው ኢንሹራንስን እንደ እድር ስለምናየው ይመስለኛል። የእድር አባል የወር መዋጮ ቢያሳልፍ ቅጣቱን ከፍሎ ይመለሳል፤ ሐዘን ቢደርስበትም ጎረቤት አይጥለውም። የኢንሹራንስ ኩባንያ ግን ያልተከፈለበትን ቀን ኋላ ተመልሶ አይሸፍንም። በራሱ የሚታደስ የሞተር ኢንሹራንስም የለም። ኩባንያው ሊያልቅ ነው ብሎ ቢደውልልዎ ደግ አድርጓል፤ ባይደውል ግን «አልነገሩኝም» የሚለው አያድንም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ኢንሹራንሱ ይሥራ አይሥራ የሚታወቀው በኩባንያው መዝገብ ነው። በኪስዎ ያለው ወረቀትና ስቲከር ውሉ ሲጀመር ምን እንደነበረ ያሳያል እንጂ ዛሬ ምን እንደሆነ አያሳይም። ቀኑ ያላለፈበት ወረቀት የሞተ ውል ሊሆን ይችላል። የቀድሞ ባለቤት ሞተሩን ሲሸጥ ውሉን አሰርዞ ተራፊ አረቦን ተቀብሎ ይሆናል። አረቦኑ የተከፈለበት ቼክ ተመልሶ ይሆናል። ወኪል ገንዘቡን ተቀብሎ ለኩባንያው ሳያስገባ ቀርቶ ይሆናል። ወረቀቱ ራሱ ተመሳስሎ የተሠራም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ፊት ለፊት ከሚታየው ቀን ላይ አይነበብም።

መጀመሪያ ስልክ ይደውሉ። የሚደውሉበትን ቁጥር ግን ከሻጩ ወይም ከወኪሉ አይቀበሉ፤ ከኩባንያው ከራሱ ያግኙ። የፖሊሲ ቁጥሩን፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና የሻንሲ ቁጥሩን (ፍሬሙ ላይ የተቀረጸውን መለያ) ይስጧቸውና እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ይህ ፖሊሲ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል? ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው? በማን ስም? ለየትኛው ሻንሲ? ለምን ዓይነት አገልግሎት? «አዎ፣ አለ» በሚል መልስ ብቻ ስልኩን አይዝጉ፤ አምስቱንም ያስነብቧቸው። «አለ» የተባለው ያለፈው ዓመት መዝገብ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ።

የስልክ መልስ ለራስዎ እርጋታ ይበቃል፤ ለክርክር ግን አይበቃም። ስለዚህ ቀጥሎ ቅርንጫፍ ይሂዱና ፖሊሲው ጸንቶ መኖሩን የሚገልጽ፣ ቀን፣ ፊርማና ማህተም ያለበት ማረጋገጫ ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። ውሉ በእርስዎ ስም ከሆነ መብትዎ ነው፤ በሻጩ ስም ከሆነ ውክልናውን ያሳያሉ፣ ወይም እሱ ራሱ አብሮዎት ይቀርባል። ውክልናው ላይ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር መዋዋልና መረጃ መጠየቅ ተጽፎ እንደሆነ አስቀድመው ያንብቡት፤ ብዙ የሞተር ውክልና መሸጥና መለወጥን ይዘረዝርና ይህን ይረሳዋል።

ከመሄድዎ በፊት አንድ ሥራ አለ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ሳይሆን ከሞተሩ ከራሱ ያንብቡ። ብዙውን ጊዜ መሪው በሚዞርበት በፍሬሙ አንገት ላይ ተቀርጿል፤ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ታች በኤንጂኑ አካል ላይ ነው። የመንዝ ጭቃ ስለሚሸፍነው በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ባለ 17 አሃዝ የሻንሲ ቁጥር ውስጥ «ኦ» የሚባለው የላቲን ፊደል አይገባም፤ ክብ ነገር ካዩ ዜሮ ነው። «አይ» የሚባለውም አይገባም፤ ቀጥ ያለው አንድ ቁጥር ነው። ፖሊሲው ላይ በስህተት ፊደል ተጽፎ ከተገኘ ዛሬ በአምስት ደቂቃ ይታረማል። ከአደጋ በኋላ የተገኘ እንደሆነ ግን «የተመዘገበው ይህ ሞተር አይደለም» የሚል ክርክር ይከፍታል።

ሻጩ «በወኪል አሳድሼዋለሁ» ያለውን በተመለከተ፣ ሰውየውን ውሸታም ማለቴ አይደለም፤ አምኖ ሊሆን ይችላል። ግን የታደሰ ኢንሹራንስ ያለ ወረቀት የለም። አዲስ የምስክር ወረቀት፣ አዲስ ስቲከር፣ የኩባንያው ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ መኖር አለበት። አሁኑኑ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት ካሳየዎ ገንዘቡ የገባው በኩባንያው ስም ነው ወይስ በግለሰብ ስልክ የሚለውን ይመልከቱ። ያ መልእክት ገንዘብ መውጣቱን ይናገራል እንጂ ሽፋን መሰጠቱን አይናገርም። ሦስቱ ወረቀቶች እጅዎ እስኪገቡ ድረስ አልታደሰም ብለው ይያዙት።

ከቀኑ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ሊብሬው። ዘጠኝ ወር ሙሉ በሌላ ሰው ስም ሲነዱ ቆይተዋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። እርስዎ ነገ ሰው ቢገጩ ተጎጂው ሊብሬው ላይ ያለውን ሰው ፍርድ ቤት ያቆመዋል ማለት ነው። ይህን ለባልደረባዎ ያንብቡለት፤ ስም ለማዛወር የሚያመነታ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱ ቀድሞ ይነሳል። ለእርስዎም አደጋ አለው። ኢንሹራንሱ በእሱ ስም እስካለ ድረስ ውሉን ማሰረዝም፣ የሙሉ ኢንሹራንስ ካሳ መቀበልም የእሱ እጅ ላይ ነው። ውክልና ደግሞ ሰጪው ሲሞት ይቀራል፤ እግዚአብሔር አያምጣውና፣ ያኔ ጉዳይዎ ከወራሾች ጋር ይሆናል። ኩባንያው ሞተሩ መሸጡን በጽሑፍ ሳያውቅና ለውጡን በፖሊሲው ላይ ሳያሰፍር አዲሱ ባለቤት ተረጋግቶ የሚነዳበት ነገር የለም።

«ይሠራል» የተባለ ኢንሹራንስ ምን ድረስ እንደሚሠራም ይወቁ። ሞተርዎ ያለው የግዴታው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ብቻ ይመስለኛል። የአዋጅ ቁጥር 799/2005 ዓላማ ሞተሩ የጎዳውን ሌላ ሰውና የሌላ ሰው ንብረት መካስ ነው። የእርስዎ እግር ቢሰበር፣ ሞተርዎ ገደል ቢገባ፣ ገበያ ቆሞ ቢሰረቅ በዚህ ሽፋን ምንም አያገኙም፤ ያ በሙሉ ኢንሹራንስ ወይም በግል አደጋ ኢንሹራንስ የሚገዛ ነው። ካሳውም ጣሪያ አለው። አዋጁ በ2005 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ከ40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ከ100,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ ለአስቸኳይ ሕክምና 2,000 ብር። ጣሪያው ሊሻሻል ስለሚችል አዲሱን ፖሊሲ ሲረከቡ በእሱ ላይ የሰፈረውን ያስነብቡ። ከጣሪያው በላይ ያለውን ፍርድ ቤት ከወሰነ የሚከፍሉት እርስዎና ባለሊብሬው ናችሁ።

የአገልግሎት ዓይነት የሚለውንም አይዝለሉት። ለግል ተብሎ የተመዘገበ ሞተር ከጣርማ በር እስከ መሐል ሜዳ ሰው በክፍያ ሲያመላልስ ከተያዘ፣ ወይም የሞተር መንጃ ፈቃድ የሌለው ወንድም ሲነዳው ከተገኘ፣ ኩባንያው ለተጎጂው ቢከፍል እንኳ ዞሮ እርስዎን ሊጠይቅ ይችላል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው በሽፋኑ ውስጥ መሆን አለመሆኑንም በፖሊሲው ላይ ያሳዩኝ ብለው ይጠይቁ፤ በእናንተ አገር ሞተር ብቻውን የሚሄድበት ቀን ጥቂት ነው።

ባለፉት ቀናት አደጋ ደርሶ ከነበረና ያልነገሩኝ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዛሬ አድሰው አደጋውን ነገ እንደደረሰ አድርገው ለማቅረብ አይሞክሩ፤ ሻጩም ወኪሉም «ቀኑን ወደኋላ እናድርገው» ቢሉዎ እንቢ ይበሉ። የፖሊስ መዝገብና የጤና ተቋም ካርድ ቀን አላቸው፤ ማታለል ሆኖ ወንጀል ይሆንብዎታል። ኢንሹራንስ በሌለው ተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው ወድቆ አይቀርም፤ የመድን ፈንድ ይክሰዋል፤ ከዚያ ፈንዱ የከፈለውን ከባለቤቱ ያስመልሳል። ሽፋኑ ጸንቶ ሳለ አደጋ ከደረሰ ደግሞ ለፖሊስ ወዲያውኑ፣ ለኩባንያው በ5 ቀን ውስጥ ያስታውቁ።

ምክሬ ይህ ነው። ሞተሩን ዛሬውኑ ግቢ ያስገቡትና ቁልፉን ያንሱ። «እስከ ደብረ ብርሃን ብቻ፣ ለማሳደስ» ብለውም አይንዱት። የሰኔ ጉም ጣርማ በር ላይ አሥር እርምጃ በማያሳይበት ሰሞን ያለ ሽፋን የሚነዱባት ያቺ አንዲት መንገድ ናት የምትፈራው። በሚኒባስ ይውረዱ። ባልደረባዎን ቀጥረው ሊብሬውን፣ የሽያጭ ውሉን፣ ውክልናውን፣ የሁለታችሁንም መታወቂያ፣ የድሮውን ፖሊሲና የሻንሲውን ፎቶ ይያዙ። መጀመሪያ ኩባንያው ጋ ሄደው ሻጩ አሳደስኩ ያለው እውነት መሆኑን ከመዝገብ ያረጋግጡ። ታድሶ ከተገኘ ማረጋገጫውን በማህተም ይቀበሉና የባለቤት ለውጡን ያስመዝግቡ። ካልታደሰ ወኪሉን ትተው እዚያው ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ከፍለው አዲስ ውል ይግቡ፤ ከዚያ በቀጥታ ስም ማዛወሩን ይጀምሩ። አቅምዎ ከፈቀደ ሙሉ ኢንሹራንሱን ዋጋ ይጠይቁ። የእርስዎ ሥራ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋ ሥራውም አብሮ ይቆማል።

ወረቀቱን ሲረከቡ ሠራተኛው የማብቂያውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በእስክሪብቶ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት። ያንኑ ቀን በስልክዎ ማስታወሻ ላይ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ይሙሉት፤ ሞላሌ ሆኖ ማደስ የአንድ ቀን መንገድ ስለሚፈጅ የመጨረሻውን ቀን መጠበቅ አይሆንም።